ዕረፍት ከማያውቅ አእምሮ ጋር እንዴት ተስማምቶ መኖር ይቻላል?

ሰውነታቸው ደክሞ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቶ ሳለ ሐሳባቸው ብቻውን ነቅቶ የሚያድርባቸው ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። ቀን የተነገራቸው ቃል፣ ሳይመልሱት የቀረ ስልክ፣ ወር ሲሞላ የሚከፈል ኪራይ፣ ከዓመታት በፊት የፈጸሙት ስሕተት ሳይቀር ተራ በተራ ይመጣባቸዋል፤ አንዱን ጨረስኩ ሲሉ ሌላው ይተካል። ቀን ደግሞ ሰው እያናገራቸው ልባቸው ሌላ ቦታ ይሆንና የተነገራቸውን ነገር ሁለተኛ ለመጠየቅ ያፍራሉ። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለእነርሱ ነው። እንዲህ ያለውን አእምሮ በግድ ዝም ለማሰኘት መታገል ድካምን ይጨምራል እንጂ አይጠቅምም፤ የሚያዋጣው ሐሳብ የሚስተናገድበትን ቦታና ሰዓት መወሰን ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት መንገዶች ሁሉ ከዚህ የሚነሡ ናቸው።

«አታስብ» የሚለው ምክር ለምን አይሠራም?

«ተወው እንጂ፣ ምን ያብሰለስልሃል?» የሚሉን ሰዎች ይህን የሚሉት በፍቅር ነው። ሆኖም ምክሩን ሰምቶ ለመተው የሞከረ ሰው ሐሳቡ ጭራሽ ስለሚብስበት፣ በሐሳቡ ላይ የራሱን ወቀሳ ደርቦ ይሸከማል። ወቀሳው ተገቢ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳንኤል ዌግነር እ.ኤ.አ. በ1987 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት ተሳታፊዎች ለ5 ደቂቃ ያህል ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ድቡ ትዝ ባላቸው ቁጥር ግን ደወል እንዲደውሉ ተነገራቸው። ድቡን ከሐሳባቸው ማራቅ አልቻሉም። ከዚያ ክልከላው ተነሥቶ ስለ ድቡ እንዲያስቡ ሲፈቀድላቸው ደግሞ፣ ከመጀመሪያውም እንዲያስቡ ከታዘዙት ሰዎች ይልቅ አብዝተው አሰቡት። ዌግነር በኋላ እንዳብራራው አንድን ሐሳብ ለማገድ የተነሣ አእምሮ ያ ሐሳብ መጣ አልመጣ እያለ ዘወትር መጠባበቅ ይኖርበታል፤ መጠባበቁም ራሱ ሐሳቡን ሕያው አድርጎ ያቆየዋል። ሰው ሲደክመው የማገድ ዐቅሙ ይዝልና መጠባበቁ ብቻ ይቀራል፤ ትግሉ ሌሊት ላይ የሚከፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የሰው አንጎል ከሰውነቱ ክብደት 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ይዞ፣ ሰውየው ምንም ሳይሠራ ጋደም ባለበት ሰዓት እንኳ ሰውነት ከሚያጠፋው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ማርከስ ሬይክልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ባቀረቡት ጽሑፍ ሰው በሥራ ሲጠመድ ጋብ የሚሉ፣ ሥራ ሲፈታ ደግሞ የሚበረቱ የአንጎል ክፍሎች እንዳሉ አመለከቱ። እነዚህ ክፍሎች ያለፈውን ከማስታወስ፣ የሚመጣውን ከማለምና ስለ ራስም ሆነ ስለ ሌሎች ከማሰብ ጋር የተያያዙ መሆናቸው ከዚያ ወዲህ በብዙ ጥናቶች ታይቷል። ታክሲ በመጠበቅ፣ ገላን በመታጠብ፣ ትራስ ላይ ጋደም በማለት ጊዜ ሐሳብ የሚያጥለቀልቀን ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኪሊንግስወርዝና ጊልበርት የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ሰዎችን በየመሃሉ በስልክ እየጠየቁ ባደረጉት ጥናት፣ ተሳታፊዎቹ ነቅተው ከሚያሳልፉት ጊዜ 47 በመቶ ያህሉን የሚያስቡት ከያዙት ሥራ ውጭ ስለ ሆነ ነገር ነበር። እንግዲህ ሐሳብ መምጣቱ በሽታ አይደለም። መከራው አንድን ሐሳብ ደጋግሞ ማመንዠኩና መጨረሻ ማጣቱ ነው።

በመጀመሪያ ሐሳቡን መለየት

በአእምሮ ውስጥ የሚመላለሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ ሐሳቡ በመጣ ጊዜ ራስዎን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «በዚህ ጉዳይ እስከ ነገ ማታ ድረስ እኔ ልፈጽመው የምችለው አንድ ተግባር አለ?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ሐሳቡ ሥራ ያለው ሐሳብ ነው፤ ለምሳሌ የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ቀኑ እየደረሰ ከሆነ፣ ቢሮ ሄዶ በሁለት ጊዜ ለመክፈል መጠየቅ ይቻላል። መልሱ «የለም» ከሆነ የሚዞር ሐሳብ ነው፤ «በዚያን ቀን እንዲያ ባልናገር ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ቢታሰብ የሚወልደው ተግባር የለውም። ሁለቱን በአንድ መንገድ ማስተናገድ አይቻልም። የመጀመሪያው ዕቅድ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው የሚፈልገው «አወቅሁህ፣ ማታ እንገናኛለን» መባል ነው።

ሐዘን ከሁለቱም ውጭ ነው። ሰው የሞተበት፣ ከአገሩ የተፈናቀለ ወይም ትዳሩ የፈረሰበት ሰው ሐሳቡ ወደዚያው ቢመላለስ የአእምሮው ጥፋት አይደለም፤ እንዲህ ላለው ሰው ከዘዴ ይልቅ አብሮት የሚቀመጥ ሰው ይበልጥበታል። ለቅሶ መድረስ፣ ሠልስት፣ ዐርባ የሚባሉት ሥርዐቶቻችን ሐዘንተኛው የሞተበትን ሰው ስም በሰው ፊት ደጋግሞ እንዲያነሣ ጊዜና ቦታ ይሰጡታልና፣ በውጭ አገር መርዶ ብቻቸውን የተረዱ ሰዎች ቢቻል በዕድርና በማኅበር በኩል፣ ካልተቻለም በስልክ፣ ይህን ዕድል እንዳያጡ ማድረግ ይገባል።

የሐሳብ ሰዓት

ከሁሉም ይበልጥ የማምንበትና ሰዎች እንዲይዙት የምመኘው ልማድ ይህ ነው። በአሜሪካ በፔንስልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጭንቀት ተመራማሪ የነበረው ቶማስ ቦርኮቬክ እ.ኤ.አ. በ1983 ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ቀላል መንገድ ፈትሾ ነበር። ሰዎች ቀኑን ሙሉ ከመጨነቅ ይልቅ በየዕለቱ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ግማሽ ሰዓት ለጭንቀታቸው እንዲመድቡ፣ በቀረው ጊዜ ጭንቀት ሲመጣ ወደዚያ ሰዓት እንዲያስተላልፉትና ትኩረታቸውን ወደ ያዙት ነገር እንዲመልሱ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ግን ሳይሸሹ ቁጭ ብለው እንዲያስቡበት አደረገ። ይህን የተለማመዱት ሰዎች በጭንቀት የሚያሳልፉት ጊዜ ካልተለማመዱት ይልቅ ቀነሰ። ሐሳቡን «አትምጣ» ሳይሉ «በኋላ ና» ማለት የሚቻል መሆኑ ነው የዚህ መንገድ ብርታት፤ የታገደ ሐሳብ ይታገላል፣ ቀጠሮ የተሰጠው ሐሳብ ግን ለጊዜውም ቢሆን ይታገሣል።

ሰዓቱን ሲመርጡ ከመኝታ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራቁ። ለብዙ ሰው ከሥራ መልስ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመቻል። ቦታው አልጋ ወይም ዘወትር የሚዝናኑበት ሶፋ መሆን የለበትም፤ ደረቅ ወንበርና ትንሽ ጠረጴዛ ይበቃሉ። በአንድ ክፍል ውስጥ ከነልጆቻቸው ለሚኖሩ ወይም በሰው ቤት ለሚሠሩ ሰዎች ይህ ቀላል እንዳልሆነ ግልጽ ነው። እነርሱ ወደ ቤት ከመግባታቸው በፊት በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ፣ በመስጊድ ግቢ፣ በመናፈሻ ወንበር ወይም በአውቶቡስ ላይ 15 ደቂቃ ቢያገኙ ይበቃቸዋል። ዋናው ነገር ቦታውና ሰዓቱ ሳይቀያየሩ መጽናታቸው ነው።

ቀን ላይ ሐሳቡ ሲመጣ ጉዳዩን በአንድ ወይም በሁለት ቃል ብቻ በኪስ ማስታወሻ ያስፍሩት፤ «ኪራይ»፣ «የእናቴ ግፊት»፣ «አለቃዬ» ቢሉ ይበቃል። ከዚያ «ውሎ ይደር» ብለው ወደ ሥራዎ ይመለሱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያው ሐሳብ ከደቂቃዎች በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ ደጋግሞ መመለስ የልምምዱ ዋና አካል ነው፤ በተመለሰ ቁጥር ሳይቆጡ ያንኑ ቃል ይድገሙለት።

ሰዓቱ ሲደርስ ወረቀቱን ለሁለት ይክፈሉት፤ በግራ ጉዳዩን፣ በቀኝ ቀጣዩን እርምጃ ይጻፉ። የሁለት ልጆች እናት የሆነች፣ የታመመች እናቷ በክፍለ ሀገር ያለችባትን አንዲት ሠራተኛ እናስብ። በግራ በኩል «የእናቴ የደም ግፊት» ብላ ትጽፋለች። በቀኝ በኩል «እናቴን መንከባከብ» ብላ ብትጽፍ ሐሳቡ አይለቃትም፤ ይህ ምኞት እንጂ እርምጃ አይደለም። «ነገ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በሻይ ዕረፍቴ ለእኅቴ ደውዬ መድኃኒቱ ስንት ቀን እንደቀረው እጠይቃለሁ» ብትል ግን ጉዳዩ ቀን፣ ሰዓትና ባለቤት አገኘ። ማሲካምፖና ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ያልተጠናቀቀ ጉዳይ በሌላ ሥራ መሃል እየገባ ሰውን እንደሚረብሽ፣ ለጉዳዩ መቼና እንዴት እንደሚፈጸም የሚገልጽ ቁርጥ ያለ ዕቅድ ሲወጣለት ግን ጉዳዩ ገና ሳይፈጸም ረብሻው እንደሚቀር አሳይተዋል። ከዚያ በግራ «ባለፈው ሳምንት አለቃዬ ሰላም ሳይለኝ አለፈ» ብላ ትጽፋለች። ለዚህ በቀኝ በኩል የሚጻፍ ነገር ካጣች «እርምጃ የለውም» ብላ ትጻፍበትና እስከ ሰዓቱ ማብቂያ ድረስ የፈለገችውን ያህል ታስብበት። ብዙ ጊዜ የሚዞር ሐሳብ በወረቀት ላይ ሦስት መስመር ሳይሞላ መደጋገም ይጀምራል፤ መደጋገሙን በዓይን ማየት በልብ ከማወቅ ይለያል።

ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ ስልኩ ይደውል፤ ይነሡ፣ ፊትዎን ይታጠቡ፣ እጅን ወደሚያሠራ ነገር ይግቡ፤ ሽንኩርት መክተፍም፣ ልብስ ማጠፍም፣ የልጅን የቤት ሥራ ማየትም ይሆናል። ወረቀቱ በሰው እጅ እንዳይገባ የሚሰጉ ከሆነ የቀኙን ዐምድ ብቻ ገልብጠው የቀረውን ይቅደዱት። መጻፍ የማይችሉ ወላጆች በስልካቸው ድምፃቸውን ቀድተው፣ ወይም በጣታቸው እየቈጠሩ ለሚያምኑት አንድ ሰው ነግረው ይህንኑ ማድረግ ይችላሉ።

ከሐሳብ ሰዓቱ በተጨማሪ ልክ ከመተኛትዎ በፊት ለ5 ደቂቃ ያህል የነገውን ሥራ ዝርዝር መጻፍ ይረዳል። በቴክሳስ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ማይክል ስከሊን እ.ኤ.አ. በ2018 ከባልደረቦቹ ጋር በ57 ወጣቶች ላይ ባሳተመው የእንቅልፍ ላቦራቶሪ ጥናት፣ ገና ያልሠሩትን የጻፉት ሰዎች ሠርተው የጨረሱትን ከጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ዝርዝሩ ይበልጥ የተብራራ በሆነ መጠንም ፈጥነው ተኙ።

አልጋ ላይ

እንቅልፍ ሳይመጣ በአልጋ ላይ መገላበጥ በየሌሊቱ ሲደጋገም አልጋው ራሱ የሐሳብ ቦታ ይሆናል፤ ሶፋ ላይ ያንቀላፋ የነበረ ሰው ትራሱን ሲነካ የሚነቃው ከዚህ የተነሣ ነው። ሪቻርድ ቡትዚን የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው ሕግ ዛሬም በእንቅልፍ ሕክምና ውስጥ ዋና ቦታ አለው፦ አልጋ ላይ የሚወጡት እንቅልፍዎ ሲመጣ ነው፤ 20 ደቂቃ ያህል ቆይተው ካልተኙ ተነሥተው ወደ ሌላ ቦታ ይሂዱ፤ እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ ይመለሱ፤ ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ ጠዋት በአንድ ሰዓት ይነሡ። ሃያው ደቂቃ በግምት ይሁን እንጂ ሰዓት እያዩ አይቍጠሩ፤ «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆነ፣ ሦስት ሰዓት ብቻ ቀረኝ» የሚለው ስሌት ከሐሳቡ ይበልጥ ያነቃል። ሌላ ክፍል ከሌለዎት መሬት ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ወይም በወንበር ላይ በደብዛዛ ብርሃን መቀመጥ ያንኑ ይሠራል።

አልጋ ላይ ሆነው ሐሳብዎ ከአንድ ጉዳይ ወደ ሌላው ሲሮጥ የሚጠቅም፣ ለፊደላችን እጅግ የሚስማማ አንድ ዘዴ አለ። ካናዳዊው ተመራማሪ ሉክ ቦዶዊን ያዘጋጀው ሲሆን፣ እንቅልፍ ሊወስደን ሲል የሚመጡብን እርስ በርስ የማይያያዙ ምስሎች ስለሆኑ እንዲህ ያሉትን ምስሎች ሆን ብሎ መጥራት እንቅልፍን ያግዛል የሚል መነሻ አለው። ምንም ስሜት የማይቀሰቅስ ቃል ይምረጡ፤ «መስኮት» ይሁን። በ«መ» የሚጀምሩ ነገሮችን አንድ በአንድ ይጥሩና እያንዳንዱን ለጥቂት ሰከንድ በዓይነ ኅሊናዎ ይዩት፤ መሶብ ከነአክርማው፣ መሰላል በግድግዳ ላይ ተደግፎ፣ መቀስ፣ መርከብ። በ«መ» ሌላ ነገር ሲያጡ ወደ «ስ» ይለፉ፤ ስንዴ፣ ስኳር፣ ስልቻ። ቀጥሎ «ኮ»፤ ኮርቻ፣ ኮከብ፣ ኮፍያ። ከዚያ «ት»፤ ትሪ፣ ትራስ። ምስሎቹን በታሪክ ለማያያዝ አይሞክሩ፤ አለመያያዛቸው ነው ጥቅማቸው። ወደ ጭንቀትዎ የሚመልስ ቃል ከመጣ ዝም ብለው ይዝለሉት። ፊደላችን በእያንዳንዱ ድምፅ ሰባት ቤት ስላለው የቃል እጥረት አይኖርም፤ አንዱ ቃል ሲያልቅ ሌላ ይዘው ይቀጥሉ።

መተንፈስም አለ። ወደ ውስጥ ስንተነፍስ ልባችን ትንሽ ይፈጥናል፣ ወደ ውጭ ስንተነፍስ ይረጋል፤ ስለዚህ የሚወጣውን ትንፋሽ ከሚገባው ማስረዘም ሰውነትን ያረጋጋል። በአራት ቈጥሮ አስገብቶ በስድስት ማስወጣት በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ገደማ ይሆናል። ሉቺያኖ በርናርዲ የተባሉ ጣሊያናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2001 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት በላቲን የሚደገመው የካቶሊኮች የመቍጠሪያ ጸሎት የተሳታፊዎቹን ትንፋሽ ወደዚሁ መጠን፣ በደቂቃ ወደ ስድስት ገደማ እንዳወረደው አሳይተዋል። በመቍጠሪያ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚል ክርስቲያንም ሆነ በሙስበሃ ዚክር የሚያደርግ ሙስሊም ሳይቻኮል፣ አንዱን ቃል በአንድ ረጅም ትንፋሽ እያወጣ ቢያደርሰው ለነፍሱ ከሚያገኘው በተጨማሪ ሰውነቱም ያርፋል። ጸሎትን ወደ ዘዴ ማውረድ አይደለም ዓላማዬ፤ ብዙ አማኞች በጸሎት ሰዓት ሐሳባቸው ስለሚበተን ራሳቸውን እንደ እምነት ደካማ ስለሚቈጥሩ፣ ዝግታው እንደሚያግዛቸው ይወቁ ብዬ ነው።

ሐሳብን የሚያፋጥኑ ነገሮች

ቡናችንን መንካት ይከብዳል። ነገር ግን የቡና ካፌይን ግማሹ ብቻ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት 400 ሚሊግራም ካፌይን ከመኝታ 6 ሰዓት ቀድሞ ቢወሰድ እንኳ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። «እኔን ቡና አይነካኝም፣ ጠጥቼ እተኛለሁ» የሚል ሰው እንቅልፍ ቢወስደውም ጥልቀቱ ሊቀንስበት ይችላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚጠጣባት ቤት ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ሥርዐቱን መተው አያስፈልግም፤ ቡናው ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይፈላ፣ ከዚያ በኋላ ለሚመጣ እንግዳ ሲፈላ እርስዎ ቄጠማው ላይ ተቀምጠው ቁርሱንና ጨዋታውን ይካፈሉ። ሁለት ሳምንት ሞክረው ልዩነቱን ይዩ። ጫትን በተመለከተ ቃሌ ጠንከር ይላል፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ አነቃቂ ንጥረ ነገር ነው፣ ሐሳብን ያሯሩጣል፣ እንቅልፍን ያባርራል፣ በማግስቱም ድብርት ያመጣል። እንቅልፍ ለማግኘት ሲባል ማታ የጫቱን ምርቃና በመጠጥ «መስበር» ደግሞ እንቅልፉን ይቈራርጠዋል፤ ሰው ቶሎ ተኝቶ በሌሊት እኩሌታ ልቡ እየመታ ይነቃል።

ስልክን በተመለከተ ከአገር ውጭ ላሉ ሰዎች የተለየ ችግር አለ። አዲስ አበባ ሲነጋ ዋሽንግተን ያለው ሰው ሊተኛ ነው፤ ልዩነቱ እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ስለሆነ የቤተሰብ መልእክትም ሆነ የአገር ዜና የሚጎርፈው በእንቅልፉ ሰዓት ላይ ነው። ስልኩን ፈጽሞ መዝጋት ለብዙዎች አይቻልም፤ ወላጅ ታሞ ይሆናል። ስለዚህ ስልኩን ከአልጋ ራቅ አድርገው የሁለት ወይም የሦስት ሰዎች ጥሪ ብቻ እንዲሰማ ያስተካክሉ፣ ለቤተሰብም «ድንገተኛ ነገር ካለ ደውሉ፣ ሌላውን በጽሑፍ ተዉልኝ፣ ጠዋት አየዋለሁ» ብለው ይንገሩ። የጦርነትና የግጭት ዜናን በቀን አንድ ጊዜ፣ በብርሃን ሰዓት መከታተል ስለ ወገን ግድ አለመስጠት አይደለም፤ በሌሊት የታየ ቪዲዮ ለማንም ረድቶ አያውቅም።

ፈጠን ያለ የእግር ጉዞም ይረዳል፤ በቀን ለግማሽ ሰዓት ቢደረግ መልካም ነው። ሰው እያናገረዎት ልብዎ ሲሸፍት ደግሞ የሰሙትን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር በራስዎ ቃል መልሰው ይጠይቁ፦ «እንግዲህ ሐሙስ ነው የምትሄዱት ማለት ነው?» ይህን ሲያደርጉ ወደ ጨዋታው ይመለሳሉ፣ ተናጋሪውም መደመጡን ያውቃል።

ሐኪም ማየት የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ከላይ የተባለው ሁሉ ጤናማ ሆኖ ዕረፍት ላጣ አእምሮ ነው። የሐሳብ መፍጠን የሕመም ምልክት የሚሆንባቸው ጊዜያት ስላሉ እነዚህን መለየት የሕይወት ጉዳይ ነው። ሐሳቡ ከልብ ምት መፍጠን፣ ከእጅ መንቀጥቀጥ፣ ሙቀት ካለመቻልና እየበሉ ከመክሳት ጋር ከመጣ የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ እየሠራ ሊሆን ይችላል፤ አንድ የደም ምርመራ ይህን ይለያል። ሰው ለቀናት ሁለትና ሦስት ሰዓት ብቻ እየተኛ ድካም የማይሰማው፣ ንግግሩ የማይያዝ፣ ገንዘቡን የሚበትንና ታላላቅ ዕቅዶችን በአንድ ጊዜ የሚጀምር ከሆነ ባይፖላር የሚባለው ሕመም ሊሆን ስለሚችል ቤተሰቡ ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ይውሰደው። ጭንቀት ለስድስት ወርና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን ካልለቀቀ፣ ከልጅነት ጀምሮ በአንድ ነገር ላይ መርጋት ካልተቻለ፣ ያዩት ጦርነት ወይም የደረሰ ጥቃት በቅዠትና በቀን እየተመለሰ ካስደነገጠ ለእያንዳንዱ የታወቀ ሕክምና አለ። አራስ ሴት ልጇ ተኝቶ እንኳ መተኛት ካቃታትና ሐሳቧ ካስፈራት «የአራስ ነገር ነው» ተብሎ አይታለፍ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ በዚያው ቀን፣ ከሚያምኑት ሰው ጋር፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ብቻዎን አይሁኑ።

በኢትዮጵያ ከቅርብ ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ በዘርፉ አንጋፋው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። በአሜሪካ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ከባድ ጭንቀት ለገጠመው ሰው የሚረዳው 988 የተባለው የስልክ መስመር ሌሊትም ቀንም ይሠራል። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የአሜሪካ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበትና ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው የልብዎን ከመደበቅ ይልቅ አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያ ይጠይቁ። በእስራኤል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና ቁፓት ሆሊም በሚባሉት የጤና መድን ድርጅቶች በኩል ይሰጣል። ጠበል የሚጠመቁ ሰዎች ጠበሉን ስለጀመሩ መድኃኒታቸውን ማቋረጥ የለባቸውም፤ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል፤ በጾምና በረመዳን ወቅትም የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪም ጋር ማስተካከል እንጂ መተው አይገባም።

ለቆየ እንቅልፍ ማጣት የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 በመጀመሪያ ደረጃ እንዲሰጥ የመከረው ከኪኒን በፊት የንግግርና የልማድ ሕክምናን ነው። ዲያዜፓምን የመሰሉ ማስተኛ ኪኒኖች ከጎረቤት ተበድረው ወይም ያለ ማዘዣ ተገዝተው ሲወሰዱ በሳምንታት ውስጥ ሱስ ሊያስይዙ ይችላሉ፤ ለረጅም ጊዜ የወሰዳቸው ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቋርጣቸው አደጋ ስላለው መጠኑ በሐኪም እየተቀነሰ መሄድ አለበት።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ አንድ ገጽ ይዘው ይሂዱ፦ ችግሩ መቼ እንደጀመረ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት በየሌሊቱ ስንት ሰዓት ያህል እንደተኙ፣ ቡና፣ ጫትና መጠጥ ምን ያህል እንደሚወስዱ፣ የሚወስዱት መድኃኒትና የባህል መድኃኒት ካለ ስሙን፣ በቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ሕመም እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ ይጻፉበት። ብዙ ሰው «እንቅልፍ የለኝም» ብሎ ብቻ ከሐኪም ፊት ይወጣል፣ ዋናውን ነገርም በር ላይ ሲደርስ ያስታውሰዋል፤ ለመናገር ካፈሩ ወረቀቱን ያቀብሉትና እሱ አንብቦ ይጠይቅዎ።